ለሰባተኛና ለስምንተኛ ክፍል ልጅ የክረምት መጽሐፍ እንዴት ይመረጣል?

ከሁለት ዓመት በፊት ልጄ ሰባተኛ ክፍልን ስትጨርስ አምስት መጽሐፍ ገዛሁላት። ራሴ መረጥኩ፣ ራሴ ዋጋ ተከራከርኩ፣ ራሴ ተሸክሜ መጣሁ። አንዱ እኔ በልጅነቴ የወደድኩት ነው። አንዱን ሻጩ «ይሄማ የግድ ነው» ብሎኝ ነው። አንዱን ደግሞ እውነቱን ለመናገር ሽፋኑ ስላማረኝ ነው። መስከረም ላይ ሌላ ነገር ስፈልግ ፌስታሉን ቁምሳጥኑ ላይ አገኘሁት። እንደታሰረ ነው። ቋጠሮው እንኳን የሻጩ ቋጠሮ ነበር።

በጣም ተናደድኩ። ጮህኩም። በኋላ ሳስበው ግን ጥፋቱ የእሷ አልነበረም። ጫማ ስገዛላት ይዣት ሄጄ፣ አስሞክሬ፣ «ጣትሽን አልነካሽም?» ብዬ ጠይቄ ነው። መጽሐፉን ግን ሳላስሞክር ገዛሁት። ከዚያ ወዲህ ከእሷና ዘንድሮ ሰባተኛን ከጨረሰው ታናሽ ወንድሟ ጋር እየተሳሳትን የደረስንበት አሠራር አለ፣ እሱን ነው የምጽፍላችሁ። ከ12 እስከ 14 ዓመት ላለ ልጅ ነው፣ አሁን «መካከለኛ ደረጃ» በሚባሉት ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ላይ ላለ። ተረት ለሚነበብላቸው ትንንሾች አይሆንም።

1. መጀመሪያ ቀኑን ቁጠሩ

ሐምሌ 30፣ ነሐሴ 30፣ ጳጉሜን 5፣ በዘመነ ሉቃስ ከሆነ ደግሞ 6። ድምሩ 65 ቀን ነው። ብዙ ይመስላል፣ ግን አይደለም። የመጀመሪያውን ሳምንት ልጁ ይተኛ፣ ተዉት፣ ዓመቱን ሙሉ በጨለማ ሲቀሰቀስ ነው የከረመው። ከዚያ የክረምት ማጠናከሪያ አለ። ቄስ ትምህርት ወይም ቁርኣን አለ። አያት ጋ መሄድ አለ። ፍልሰታን ሙሉ ሁለት ሳምንት ቅዳሴ የማይቀር ልጅ አለ። ጳጉሜን ደግሞ የደብተር፣ የዩኒፎርምና የዶሮ ወሬ ነው፣ ማንም አያነብም። እኛ ቤት ይሄ ሁሉ ሲቀነስ ለንባብ የተረፈው 40 ቀን ነው።

አሁን ሰዓት ያዙ። ልጁ ቀለል ያለ መጽሐፍ ይዞ ለ10 ደቂቃ ያንብብ። ፈተና ነው ብላችሁ አታስጨንቁት፣ እንደ ጨዋታ አድርጉት። ስንት ገጽ ሄደ? ሦስት ገጽ ከሆነ በቀን ግማሽ ሰዓት ሲያነብ ዘጠኝ ገጽ ይሆናል፣ በ40 ቀን 360 ገጽ። ይሄ ማለት ባለ 120 ገጽ ሦስት መጽሐፍ ነው፣ ወይም ባለ 180 ገጽ ሁለት። አምስት አይደለም! እኔ የገዛኋቸውን አምስቱን ገጻቸውን ስደምረው ከ1,500 በላይ ነበር። ለእኔም ለራሴ አይቻልም።

ይሄን ስሌት ልጁ ፊት አትሥሩት። ለእናንተ ነው። ልጁ «በቀን ዘጠኝ ገጽ» የሚል ነገር ከሰማ የቤት ሥራ ሆነበት ማለት ነው፣ አለቀ።

2. ልጁን ጠይቁት፣ ግን ስለ መጽሐፍ አይደለም

«ምን ማንበብ ትወዳለህ?» ብላችሁ ብትጠይቁት መልሱ «ምንም» ነው። ወይም ትከሻውን ይነቀንቃል። ይልቅ ስልኩ ላይ ምን እንደሚያይ ጠይቁት። ከጓደኞቹ ጋር በምን እንደሚከራከር አድምጡ። ፊልም ላይ የትኛው ቦታ ሲደርስ ነው ዝም የሚለው? ቤት ውስጥ የተበላሸ ነገር ሲኖር ይፈታታል ወይስ ይሸሻል?

ልጄ ለምሳሌ የኮሪያ ተከታታይ ድራማ ሱሰኛ ናት። መጀመሪያ ይሄ ነገር ያናድደኝ ነበር። በኋላ ግን ሳየው ልጅቷ ቀስ ብሎ የሚሄድ፣ ሰዎች የሚቀያየሙበትና የሚታረቁበት፣ ቤተሰብ ያለበት ታሪክ ነው የምትወደው። እሱን ዓይነት ልብ ወለድ ፈልገን ሰጠናት፣ ጉድ ነው፣ በሦስት ቀን ጨረሰችው። ወንድሟ ደግሞ ኳስ ብቻ ነው። ለእሱ ልብ ወለድ ይዛችሁ ብትሄዱ «ይሄ እውነት ነው?» ይላችኋል። አይደለም ካላችሁት ፍላጎት የለውም። ስለዚህ የስፖርተኛ ሕይወት ታሪክ ሆነ። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ የሮጠው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. መሆኑን፣ ማለትም እዚህ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ እንደነበረ ሲያነብ ከሶፋው ተነስቶ መጥቶ ነገረኝ። እንደዚህ ብድግ የሚያደርገውን ነገር ነው የምትፈልጉት።

መርማሪና ወንጀል የሚወድ አለ። መናፍስት የሚወድ አለ (እናቶች አትደንግጡ፣ ዕድሜው ነው)። ስለ ጠፈር፣ ስለ እንስሳ፣ ስለ ጦርነት የሚወድ አለ። ቀልድ ብቻ የሚወድም አለ፣ እሱም አንባቢ ነው። የካርቱን ታሪክ በእንግሊዝኛ ካገኛችሁም ስጡት። «ይሄ ደግሞ መጽሐፍ ነው?» አትበሉ። ነው።

3. በአምስት ጣት ለኩ

ይሄ ቀላል ዘዴ ነው፣ መጽሐፍ ቤት ቆማችሁም ይሠራል። ልጁ መጽሐፉን መሐል ላይ ገልጦ አንድ ገጽ ያንብብ። የማያውቀው ቃል ባጋጠመው ቁጥር አንድ ጣት ይጠፍ። ገጹን ሲጨርስ አንድ ጣት ከታጠፈ ቀላል ነው፣ ለመጀመሪያ መጽሐፍ ግን ጥሩ። ሁለት ወይም ሦስት ከሆነ ልኩ ነው። አራት ከሆነ አጠገቡ የሚያስረዳው ሰው ካለ ብቻ። አምስቱም ታጥፈው ጡጫ ከሆነ መልሱት።

አማርኛ ላይ ግን ቃል ብቻ መቁጠር አይበቃም። የእኛ ቋንቋ ግሱን መጨረሻ ላይ ነው የሚያስቀምጠው። የድሮ ጸሐፊዎች ደግሞ ዐረፍተ ነገሩን ይዘረጉታል፣ ባለቤቱ እላይ ይቀራል፣ ግሱ ከስድስት መስመር በኋላ ይመጣል፣ ልጁ እዚያ እስኪደርስ ማን ምን እንዳደረገ ይረሳል። ቃሉን ሁሉ ያውቀዋል፣ ግን አልገባውም። ስለዚህ ገጹን አንብቦ ሲጨርስ «እሺ ምን ሆነ?» በሉት። በሁለት ዐረፍተ ነገር ከነገራችሁ ልኩ ነው።

ሌላም አለ። ቆየት ያሉ መጻሕፍት በየቃሉ መሐል ሁለት ነጥብ አላቸው። እኛ ለምደነዋል። በባዶ ቦታ የተለያየ ጽሑፍ ማንበብ የለመደ የዛሬ ልጅ ግን ዓይኑ ይደናገራል፣ አምስት ገጽ ሄዶ «ራሴን አመመኝ» ይላል። ሰነፍ ሆኖ አይደለም። ያንኑ መጽሐፍ በአዲስ ኅትመት ብታገኙለት ሊወደው ይችላል። የፊደሉንም መጠን እዩ። መንገድ ላይ ርካሽ ሆኖ የሚሸጠው አንዳንዱ በድብቅ የተባዛ ስለሆነ ፊደሉ ይደበዝዛል፣ ገጽ ይዘላል፣ አንዳንዴ ከ64 ወደ 81 ይሄዳል። ደራሲውንም መዝረፍ ነው። ገልጣችሁ ሳታዩ አትክፈሉ።

ለመጀመሪያው መጽሐፍ ከ150 ገጽ አትለፉ። አጭር ልብ ወለዶች የተሰበሰቡበት መጽሐፍ ካገኛችሁ ደግሞ በጣም ጥሩ፣ ምክንያቱም ልጁ በአንድ ቁጭታ አንዱን ጨርሶ «ጨረስኩ» ማለት ይችላል። ይሄን ቃል በሐምሌ የመጀመሪያ ሳምንት ማለት አለበት። «ታሪክና ምሳሌ» እናት አባቶቻችን ያነበቡት የከበደ ሚካኤል መጽሐፍ ለዚህ አሁንም ይሠራል። ቁርጥራጭ ነው፣ ቤት ይመታል፣ ጮክ ብሎ ሲነበብም ይጥማል።

4. የሚያስቸግረው ቦታ፣ መሐሉ ባዶ ነው

መጽሐፍ ቤት ገብታችሁ «የ13 ዓመት ልጅ አለችኝ» በሉ እስቲ። ሻጩ ወይ ጥንቸልና ጅብ ያለበት ባለ ሥዕል ተረት ያወጣላችኋል፣ ወይ በቀጥታ የአዋቂ ልብ ወለድ። መሐሉ የለም ማለት ይቻላል። በእንግሊዝኛ ለዚህ ዕድሜ ተብሎ የሚጻፈው ብዙ ነው፣ በአማርኛ ግን ጥቂት ነው፣ ያለውም መደርደሪያ ላይ ለብቻው አልተቀመጠም። ስለዚህ ሳንወድ በግድ ከአዋቂው መደርደሪያ ላይ መርጠን እናወጣለን። እዚህ ላይ ነው የወላጅ ሥራ ያለው።

ሁሉንም ማንበብ አይጠበቅባችሁም። እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። የመጀመሪያውን ምዕራፍ ሙሉ አነባለሁ። ከዚያ መሐል ላይ ሦስት ቦታ እገልጣለሁ። ከዚያ የመጨረሻዎቹን አሥር ገጾች (አዎ፣ መጨረሻውን አበላሽቼ)። የመኝታ ቤት ትዕይንት በዝርዝር ካለ ለጊዜው ይቆይ። ድብደባና ደም ገጽ ሞልቶ ከሆነም እንደዚያው። ግን ሞት ስላለበት፣ ወላጅ ስለተፋታበት፣ ልጅ ስለዋሸበት አትጣሉት። ልጆቹ ይሄን ሁሉ ሰፈር ውስጥ ያውቁታል። እንዲያውም እኛን የማይጠይቁንን ነገር መጽሐፍ ውስጥ ሲያገኙት ነው ዝም ብለው የሚያነቡት።

ከሁሉም የሚሻለው መረጃ ሰጪ ግን የዘጠነኛ ወይም የአሥረኛ ክፍል የዘመድ ልጅ ነው። ከሻጭም ከመምህርም ይበልጣል። «አንተ በእሷ ዕድሜ የጨረስከው መጽሐፍ የቱ ነው?» በሉት። የጨረስከው ነው ያልኩት፣ የወደድከው አይደለም፣ ምክንያቱም ስለ መውደድ ሲጠየቅ ትልቅ ሰው ለመምሰል ይዋሻል።

ሁለት ነገር ላይ የግል አስተያየት አለኝ። አንደኛ የስኬት መጽሐፍ። «በ30 ቀን ሕይወትህን ቀይር»፣ «የሚሊየነሮች ልማድ» ዓይነት። ገበያው በእነሱ ተጥለቅልቋል፣ አባቶች ደግሞ ሲወዷቸው! የ13 ዓመት ልጅ የሚቀይረው ሕይወት ገና አልጀመረም። ራሱ ከጠየቀ ይስጡት፣ ካልጠየቀ ግን ስብከት በመጽሐፍ መልክ ነው።

ሁለተኛ «ፍቅር እስከ መቃብር»። የሐዲስ ዓለማየሁን መጽሐፍ ሁላችንም እንወደዋለን፣ እኔም ፌስታሉ ውስጥ ከትቼው ነበር። 1958 ዓ.ም. የታተመ፣ ከ500 ገጽ የሚበልጥ፣ ስለ ባላባትና ስለ ጭሰኛ፣ ስለ ቆሎ ተማሪ ብዙ ማወቅን የሚጠይቅ መጽሐፍ ነው። ሰባተኛ ክፍል ላይ አስገድዳችሁ ከሰጣችሁት ልጁ ለዘለዓለም ይጠላዋል፣ ያ ደግሞ ኪሳራ ነው። ይልቅ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ የተረከውን አስደምጡት። ማታ መብራት ሲጠፋ፣ ከስልክ፣ ሁሉም ቤተሰብ ተሰብስቦ። ጆሮው መጀመሪያ ይልመደው፣ ዓይኑ በኋላ ይደርሳል።

5. በየትኛው ቋንቋ?

እዚህ ላይ ልጁ ከየት ትምህርት ቤት እንደመጣ ይወስናል። ብዙ የግል ትምህርት ቤት ልጆች እንግሊዝኛውን እንደ ውኃ ይጠጡታል፣ አማርኛ ላይ ሲደርሱ በጣት እየተከተሉ ነው የሚያነቡት። የመንግሥት ትምህርት ቤት ልጅ ብዙ ጊዜ በተቃራኒው ነው። የሁለቱም ወላጅ አንድ ስሕተት ይሠራል፣ ክረምቱን ደካማውን ቋንቋ ማጠናከሪያ ያደርገዋል። «አማርኛህ ደካማ ስለሆነ አማርኛ ብቻ!» ከዚያ ልጁ ሁለቱንም አያነብም።

የእኔ ሒሳብ ሁለት ለአንድ ነው። ሁለቱ በሚቀለው ቋንቋ፣ አንዱ በሚከብደው። በሚከብደው የሚነበበው መጽሐፍ ደግሞ ከክፍሉ ሁለት ደረጃ ዝቅ ያለ ይሁን፣ ቀጭን ይሁን፣ የሚያስቅ ይሁን። ቤት ውስጥ ኦሮምኛ ወይም ትግርኛ ወይም ሌላ ቋንቋ የሚነገር ከሆነም አንዱን ቦታ ለእሱ ስጡት፣ አያት ጋ ሲሄድ ጮክ ብሎ ያነብላቸዋል።

የትርጉም መጽሐፍ ስትገዙ አንዱን አንቀጽ ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡት። ምላሳችሁን ካደናቀፋችሁ፣ ሰው እንዲህ አይናገርም ካላችሁ ተዉት። ጥሩ ትርጉም ሲነበብ ትርጉም መሆኑ ይረሳል። መጥፎው ግን ልጁን «አማርኛ መጽሐፍ ይከብደኛል» ያስብለዋል፣ የከበደው ግን አማርኛው አልነበረም።

ውጭ አገር ዘመድ ካላችሁ አሜሪካም አውሮፓም ትምህርት ቤት የሚዘጋው በእኛ ክረምት አካባቢ ስለሆነ ለእረፍት የሚመጣ አይጠፋም። ቸኮሌትና ሽቶ ከማዘዝ የዘመድ ልጅ አንብቦ የጨረሳቸውን ሁለት ሦስት መጻሕፍት ሻንጣው ውስጥ እንዲጥል ጠይቁት። ያገለገለ ይሁን። ዳር ላይ የተጻፈበት ከሆነማ ልጆቹ የበለጠ ይወዱታል፣ የእኔው የዘመድ ልጅ የሣላት ጢም ያላት እመቤት እስካሁን ታስቃቸዋለች።

6. ሳይገዙ ማግኘት

አዲስ መጽሐፍ ዛሬ ዋጋው ቀላል አይደለም። ሦስት መግዛት የማይችል ቤት ብዙ ነው፣ ስለዚህ ከመግዛት በፊት እነዚህን ሞክሩ።

ትምህርት ቤቱ ሰኔ ላይ ሳይዘጋ የቤተ መጻሕፍቱን ኃላፊ አናግሩ። ብዙ ቦታ መጽሐፎቹ ክረምቱን ተቆልፎባቸው አቧራ ይጠጣሉ። በፊርማ ሁለት መጽሐፍ ለክረምት ያውሱ እንደሆነ ጠይቁ። አንዳንዱ «አይፈቀድም» ይላል፣ አንዳንዱ ግን ማንም ጠይቆት ስለማያውቅ ደስ ብሎት ይሰጣል።

አዲስ አበባ ላላችሁ አራት ኪሎ በ2014 ዓ.ም. የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አለ። ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ወመዘክር፣ ማለትም ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት አለ፣ ከ1936 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ነው። እንዲህ ያሉ ትልልቅ ቤተ መጻሕፍት እዚያው ተቀምጦ ለማንበብ ናቸው። ከመሄዳችሁ በፊት የልጁን ዕድሜ ተናግራችሁ መግባት ይችል እንደሆነ፣ መታወቂያ ይጠየቅ እንደሆነ ጠይቁ። በር ላይ የተመለሰ ልጅ ሁለተኛ አይሄድም። የመጀመሪያውን ቀን አብራችሁት ግቡ። ከተማው ሌላ ከሆነም የከተማው ወይም የወረዳው ቤተ መጻሕፍት ይኖራል፣ ትንሽ ቢሆንም።

ያገለገለ መጽሐፍ ሻጮች ደግሞ የራሳቸው ዓለም ናቸው። አዲስ አበባ ላይ መርካቶ ለምሳሌ። መሬት ላይ የተዘረጋውን ብቻ አትዩ፣ ከሥር ያለውን እንዲያወጣላችሁ ጠይቁ። ዋጋ ተከራከሩ። ከሁሉም በላይ ግን «አንብቤ ብመልስስ?» በሉት። ብዙዎቹ ትንሽ ጨምራችሁ በሌላ መጽሐፍ ይቀይሩላችኋል፣ የሚያከራይም አለ። አንዴ ደንበኛ ከሆናችሁ ክረምቱን በሁለት መጽሐፍ ዋጋ ታልፉታላችሁ።

ወይም ደግሞ ጎረቤት። አራት ቤተሰብ ሁለት ሁለት መጽሐፍ ቢያወጣ ስምንት መጽሐፍ ነው። እኛ ግቢ አምና ሞክረነዋል፣ መጽሐፎቹን የሚመዘግብ አንድ ቆፍጣና ልጅ ሾምን። ሁለት መጽሐፍ ጠፋ፣ አንዱ ላይ ሻይ ፈሰሰ። ቢሆንም አዋጥቶናል። ልጆቹ «አንተ ገጽ ስንት ደረስክ? እሱ ሰውዬ እንደሚሞት ታውቃለህ?» እያሉ መበሻሸቅ ጀመሩ፣ ከእኔ አሥር ምክር ያ ይበልጣል።

7. ሦስት መጽሐፍ፣ ሦስት መራጭ

አሁን ልጁን ይዛችሁ ሂዱ። ያለ ልጁ አትሂዱ፣ ፌስታሌን አስታውሱ።

የመጀመሪያውን መጽሐፍ ልጁ ብቻውን ይመርጣል። ብር ስጡትና ራቅ በሉ። ሽፋኑን አይቶ ቢመርጥ ይምረጥ። ከዕድሜው በታች ቢሆን ይሁን። ያነበበውን ደግሞ መግዛት ቢፈልግም እንኳን ይግዛ፣ አንድ መጽሐፍ ሦስቴ ያነበበ ልጅ አንባቢ ነው። የምትከለክሉት ይዘቱ በግልጽ ለዕድሜው የማይሆን ከሆነ ብቻ ነው።

ሁለተኛውን አብራችሁ ነው የምትመርጡት። እናንተ ከላይ ባየነው መንገድ ሦስት መጽሐፍ ለይታችሁ ፊቱ አስቀምጡ። የጀርባውን ጽሑፍ ያንብብ፣ በጣቱ ይለካ፣ አንዱን ያንሣ። ሁለቱ ይመለሳሉ። «እኔ ግን ይሄኛው ይሻላል ብዬ...» አትበሉ። አፋችሁን ያዙ። ከባድ ነው፣ አውቃለሁ።

ሦስተኛው የእናንተ ነው። የወደዳችሁትን፣ ለምን እንደወደዳችሁት የምትነግሩትን አንድ መጽሐፍ ስጡት። «ጠቃሚ ነው» ሳይሆን «እኔ በአንተ ዕድሜ ይሄን ሳነብ እናቴ ለእራት ብትጠራኝ አልሰማኋትም» የምትሉትን። ሳያነበው ቢቀርም አትቀየሙ። ለእናንተ የተገዛ አድርጋችሁ ቁጠሩት፣ እናንተም ደግማችሁ ታነቡታላችሁ።

8. ቤት ከገባ በኋላ

መጽሐፎቹን ቁምሳጥን ላይ አታስቀምጡ። ሶፋው ላይ፣ አልጋው ራስጌ፣ የቡና ረከቦቱ አጠገብ፣ ዓይን የሚያርፍበት ቦታ ይሁኑ። ሰዓት ምረጡ። ክረምት ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲጥል ኳስ የለም፣ ውጭ የለም፣ መብራትም ብዙ ጊዜ አብሮ ይሄዳል፣ ኔትወርክም። ያ ሰዓት ከእግዜር የተላከ ነው። ስልኩን ለመቀማት አትሞክሩ፣ ባትሪው እስኪያልቅ መጠበቅ ይሻላል።

30 ገጽ አንብቦ ካልሳበው ይተው። ይሄን ሕግ ከመጀመሪያው ንገሩት። «የጀመርከውን ጨርስ» ለምግብ ይሠራ ይሆናል፣ ለመጽሐፍ አይሠራም። ያስጠላውን መጽሐፍ ለመጨረስ ሦስት ሳምንት የሚንፏቀቅ ልጅ ሌሎቹን ሁለቱን አይከፍታቸውም። የተተወውን ያለ ወቀሳ ወስዳችሁ ለሻጩ መልሱ፣ በሌላ ቀይሩ።

ማጠቃለያ አታስጽፉ። «በገጽ 40 ላይ ጀግናው ምን አለ?» ብላችሁ አትጠይቁ። እራት ላይ እንደ ዋዛ «ያቺ ሴትዮ ምን ሆነች?» ማለት ይበቃል፣ ያም እናንተ መጽሐፉን አጮልቃችሁ ካያችሁት ነው። የጎረቤትን ልጅ እየጠራችሁ አታወዳድሩ። እናንተም አንብቡ፣ ልጁ እያያችሁ። እኔ ቲክቶክ እያየሁ «አንብብ» ስለው ልጄ የመለሰልኝን እዚህ አልጽፈውም።

ቡሄ ነሐሴ 13 ነው። ሆያ ሆዬ ጨፍሮ የሰበሰበው ብር የራሱ ነው፣ አትንኩት፣ ግን በማግስቱ «መጽሐፍ ተራ ልሄድ ነው፣ ትመጣለህ?» በሉት። በራሱ ብር የገዛው መጽሐፍ የተለየ ነው። አምና የእኔው ልጅ በዚያ ብር ግማሹን ብስኩት፣ ግማሹን ስለ ሻርክ የሚያወራ የተገነጠለ ሽፋን ያለው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ገዛ። ብስኩቱ ያን ቀን አለቀ። ሻርኩ እስካሁን ትራሱ ሥር ነው።

ያን ሰሞን ነው ቆም ብላችሁ የምታዩት። አንድ መጽሐፍ ከጨረሰ ሁሉም ነገር ደህና ነው፣ ዝም በሉ። ምንም ካልጀመረ ልጁን ሳይሆን መጽሐፉን ቀይሩ፣ ወደ ሁለተኛው ቁጥር ተመለሱና ስልኩ ላይ ምን እንደሚያይ እንደገና ጠይቁ። ገና ሦስት ሳምንት ቀርቷል፣ አንድ ባለ 100 ገጽ መጽሐፍ ይበላል።

ያ ፌስታል ውስጥ የነበረው ወፍራሙ መጽሐፍስ? ዘንድሮ ዘጠነኛን እንደጨረሰች ልጄ ወንበር ላይ ቆማ ራሷ አወረደችው። ትናንት ገልጬ አየሁት፣ ገጽ 90 አካባቢ የሸሚዝ ቁልፍ ምልክት አድርጋበታለች። ምንም አልጠየቅኳትም።